በስምሽ የሠራሁት ሁለት ሳምንት

ጎስሊን ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1987

ለዓይኔ ማረፊያ ለዳርሊን፣

እንዴት ነሽ ልጄ? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ነው። ቁጭ ብድግ ስል ነው የምውለው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እየተነሣሁ መንገድ መንገዱን አያለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ እንዳይሰማ ብዬ ነው።

ትናንት ከሥራ አጥ ድጎማ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጣ። ጨዋ ነው፤ ሻይ ሰጠሁት፣ ዳቦዬንም አልናቀም። ከዚያ ወደ አልበርታ ከመሄድሽ በፊት የተከፈለሽን ድጎማ "አይገባትም ነበር፣ ትመልሳለች" አለ። ለድጎማው የሚያበቃ የሁለት ሳምንት ሥራ ጎድሎሽ፣ አንቺ ታመሽ ተኝተሽ፣ የእኔ የሥራ ሳምንት ስለሞላልኝ በሥራ ካርድሽ ዓሣ ፋብሪካ ገብቼ መሥራቴን ደርሰውበታል። ማን እንደነገራቸው እንጃ። እዚህ አገር ሳምንት ለጎደለው ጎረቤቱ ያልሠራ ማን አለ? አክስትሽ ጌርቲ ለስንቱ ቆማለች! ለእኛ መረዳዳት ነበር፤ ለእነሱ ማጭበርበር ሆነ።

ገንዘቡስ ግድ የለም፣ ቀስ እያልን እንከፍላለን። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። እያወቀች ካደረገችው ቅጣት አለባት፣ የወሊድ ክፍያዋም ይቀርባታል አለኝ። ልትወልጂ ወር ሲቀርሽ፣ ያ ሰውዬሽም ጥሎሽ ከሄደ በኋላ፣ ምን ልትበዪ ነው?

"ወይዘሮ ፓርዲ፣ ልጅዎ ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"አታውቅም። ትኩሳቱ ራሷን አስቷት ነበር፤ ካርዱን ከኮቷ ኪስ የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ይጠየቃሉ እኮ።"

"ልጠየቅ እንግዲህ።"

አባትሽ ይህን ቢሰማ ቤቱ አይበቃውም። እሱ ዋሽቶ አያውቅም፤ አንቺም የወጣሽው በእሱ ነው፣ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። "ተዪ እማዬ፣ ይቅርብኝ" ብለሽ እጄን ይዘሽ ማልቀስሽን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። እዚያው እኛ ጋ ይቅር።

ሰውየው ሰኞ ይደውልልሻል። ጎረቤታችን ክላረንስ ነገ ወደዚያ ስለሚመጣ ደብዳቤውን በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ ብቻ አውሮፕላኑ እንዳይዘገይ። ልጅ ሳለሽ እንኳ አባትሽ ፊት አሳብቀሽብኝ አታውቂም። ሰኞ ግን አሳብቂብኝ የኔ ልጅ። "እናቴ ናት፣ እኔ አልሰማሁም" በዪው፤ ድምፅሽም አይንቀጥቀጥ።

እግዜር በሰላም ያገላግልሽ፤ ታቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ።

እናትሽ ኤፊ