ከውጭ የሚቆለፍ ሱቅ

ሰኞ፣ ከሰዓት
ስድስተኛው ላብ፣ የፕሮግራሚንግ ኮርሱ የተግባር ሥራ፣ ተሰጠ። ሊንክድ ሊስት። መረጃዎች በሰንሰለት ይያያዛሉ፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ብቻ ነው። የመጨመሩን ኮድ እኔ እጽፋለሁ፣ የመሰረዙን ሉቃስ። ሉቃስ (ከዚህ በኋላ ሉ.) የላብ ጓደኛዬ ነው፤ የሆሳዕና ልጅ። ከከተማው ወጣ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ጻካኔ ውስጥ፣ የታላቅ ወንድሙን የዘለቀን ስፓዛ፣ የሰፈር ሸቀጥ ሱቅ፣ ይጠብቃል። ማስረከቢያው ዓርብ ከሰዓት፤ ሁለታችንም መምህሩ ፊት ቀርበን። የቀረ ዜሮ። እስካሁን ሁለት ላብ አምልጦናል፣ ሁለቱም በመብራት መጥፋት። ሦስተኛ ከተጨመረ ኮርሱን እንወድቃለን። ከወደቅኩ የተማሪ ቪዛዬ አይታደስም።

ሉ. ይስቃል። «ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ ሲሠሩ ዴድላይን አልፎብዎት ያውቃል?» አያውቅም። ያኔም ቢያልፍ ዋና አዘጋጁ ይጮህብኛል እንጂ ከአገር አያስወጣኝም።

ማክሰኞ፣ ማምሻ
የእኔ ክፍል ሠራ። ልነግረው ደወልኩ። ሉ. ኮድ የሚጽፈው ሱቁ ውስጥ ተቆልፎበት መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሲመሽ ዘለቀ ከውጭ ይቆልፍና ቁልፉን ይዞ ቤቱ ይገባል። ሱቁ ሰው የሌለበት ይመስላል። ሌባ መጥቶ ሽጉጥ ቢደግንም ውስጥ ያለው ቁልፍ ስለሌለው ሊከፍትለት አይችልም። ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚያድሩት አለኝ፣ እንደ ተራ ነገር።

እሳት ቢነሳስ?

«ዘለቀ እኮ ቅርብ ነው፣ ጋሼ። በፒጃማው ሮጦ ይመጣል።»

ማስታወሻ፦ እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ፣ ማለዳ
ጻካኔ ውስጥ የድምፅ መልእክት እየዞረ ነው። የውጭ ሰው ዓርብ ሱቁን ይዝጋ፤ ካልዘጋ እኛ እንዘጋለታለን ይላል። ተናጋሪው አይታወቅም። የእኔ ገጽ ቢሆን አላወጣውም። ምንጭ የለውም።

ከሰዓት
ምንጭ ተገኘ፤ ሉ. ደውሎ ነገረኝ። ፍሪጅ የሌላቸው ጎረቤቶች ሥጋና ዶሯቸውን ሱቁ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጣሉ። ዛሬ አንድ በአንድ እየመጡ ወሰዱ። ለምን እንደሆነ የተናገረ የለም። አንዲት ጎጎ፣ አያት እንደማለት፣ አሮጊት ደንበኛው፣ የሉ.ን ጉንጭ ዳሰስ አድርገው ወጡ።

«ፍሪዘሩ ባዶ ሆነ፣ ጋሼ» አለኝ። እሱም አልሳቀም።

ሐሙስ፣ ማምሻ
ዘለቀ ሚስቱንና ሕፃኑን በባኪው፣ በፒክአፕ መኪናው፣ ይዞ እኔ ወደምኖርበት ትሮይቪል መጣ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ዘመድ አላቸው። ወጥቼ ሰላም አልኳቸው። ሉ. የለም።

የት አለ? ሱቁ ውስጥ። ቆልፎበት ነው የመጣው። ያላቸው ሁሉ እዚያ ነው፣ ሰው መጠበቅ አለበት ይላል። ሲነጋ ተመልሶ ይከፍትለታል።

ደወልኩ። ሉ. ስለ ነገው ዛቻ አያወራም። የሚያወራው ስለ መሰረዝ ነው፤ የመጨረሻውን ሲሰርዝ ፕሮግራሙ ይቆማል። ነገ ላብ እንገናኝ አለኝ።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ የሕፃኑ ጡጦ አጠገብ። ደጋግሜ አየሁት።

ዓርብ፣ ጠዋት
ዘለቀ አልሄደም። ወደ ጻካኔ የሚያስገባው ዋናው መንገድ በሚነድ ጎማ ተዘግቷል። ፖሊስ ጋ ደውለናል፤ እንመጣለን ብለዋል። መቼ እንደሆነ አላሉም። ዘለቀ በቁልፉ ይተማመናል። ከውጭ መቆለፉን ሲያዩ ማንም የለም ብለው ያልፋሉ ይላል። ይህን የሚናገረው ለሚስቱ ነው።

ሉ. ጻፈ፦ «አይደውሉ፣ ወደ ውጭ ይሰማል። የሰልፈኞች ዘፈን ይሰማኛል። ሩቅ ነው።»

ዓርብ፣ ቀትር
ዘፈኑ ሩቅ አይደለም አሁን።

ዘለቀን ደረጃው ላይ ያዝኩት። የምትጠብቀው ምንድነው አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ። የሚቆለፈው በር በጓሮ በኩል ነው አለኝ፤ በዚያ የሚያስገባ ጠባብ መንገድ አለ፣ ዛሬ ይከፈት ይዘጋ አያውቅም። «ብቻዬን እንዴት ልግባ፣ ጋሼ? የባኪው ሞተር መጥፋት የለበትም። አንድ ሰው መሪ ይይዛል፣ አንድ ሰው ወርዶ ይከፍታል።» ቁልፉን ዘረጋልኝ። የሚወርደው ማን እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

የላብ ክፍሉ ከዚህ ሩቅ አይደለም፣ አሁን ብወጣ እደርሳለሁ። ቦርሳዬ በር ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ላፕቶፑን አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ለመምህሩ አልጻፍኩም። ምን ብዬ?

ሉ. ላከ፦ «ጋሼ፣ መሰረዙ ሠራ!» ኮዱን ከሥሩ ለጥፎታል። ንጹሕ ነው። ወዲያው ሌላ፦ «ጭስ ይሸተኛል። ላብ ደረሱ?»

ዘለቀ ታች የባኪውን ጥሩምባ ይነፋል። ቁልፉ ግራ እጄ ውስጥ ነው። መለስኩለት፦ «ላብ አልሄድኩም። በጓሮ በኩል እመጣለሁ፣ በሩ አጠገብ ሁን።»