«እሺ» ያልኩበት ቀን

ጥቅምት 4
ዝናብ ነው የዋለው። የልጄን የዱረቲን ዩኒፎርም እጅጌ አስረዘምኩ... ስድስት ዓመቷ ነው፣ ክንዷ ግን አደገ። ለደንበኛ አንድ ቀሚስ ብቻ ነው የሰፋሁት። ነገ ፍርድ ቤት። ፍቺው አያስጨንቀኝም፣ ከቀነአ ጋር ከተለያየን ቆየን። ዱረቲ ብቻ እኔ ጋ ትቅርልኝ።

ጥቅምት 5
ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። ዳኛው አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ አሉኝ። «አልፈልግም» አልኩ። ከጎጃም ነቀምት ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ። ገበያ ላይ በኦሮምኛ ማን ያሸንፈኛል? ቀነአ ፊት በአስተርጓሚ ልናገር? ሞቼ ነው ቆሜ!

ዳኛው ረጅም ነገር አነበቡ። ግማሹ አለፈኝ። ሰው ሲያወራ «እሺ... እሺ» ማለት አመሌ ነው፣ እየሰማሁ ነው ለማለት። ወረቀት ሰጡኝ፣ ስሜ ላይ ፈረምኩ፣ ወጣሁ።

ጥቅምት 6
ቀነአ በጠዋት መጣ። የዱረቲን ልብስ አምጪ አለ።
«ወዴት?»
«አርጆ፣ እናቴ ጋ። ትናንት ተስማምተሽ የለ እንዴ?»
ጎረቤቴ ድርቤ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አነበበችልኝ። ልጅቷን አባት ያሳድግ፣ እናት በየአስራ አምስት ቀኑ ትጠይቅ።
«አሰፉ ኮ፣ የኔ አሰፉ፣ ማል ጎቴ? ምን አደረግሽ?»
እሺ አልኩ... ሌላ ምን አደረግኩ? ዱረቲ ሚኒባሱ ውስጥ ሆና እየጮኸች ሄደች። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ጥቅምት 7
አልሰፋሁም። አልበላሁም። እሺ እሺ እሺ... ምላሴ በተቆረጠ።

ጥቅምት 11
ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ጋሩማ ጋ ሄድኩ።
«ሳይገባሽ ለምን እሺ አልሽ?»
አፈርኩ፣ አለቀስኩ።
«የልጅ ነገር ተዘግቶ አይዘጋም፣ እንደገና እናመለክታለን። ግን ይቆያል።»
እንዴት ነው የምቆየው?

ጥቅምት 20
አርጆ። አያቷ ወተት ሰጡኝ፣ አይዞሽ አሉኝ። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ዱረቲ ከጭኔ አልወርድ አለች። በግድ አወረዷት።

ታኅሣሥ 9
ዛሬ ችሎት ቀረብኩ። ቀነአ እያየኝ «አስተርጓሚ ይቅረብልኝ» አልኩ። ያልገባኝን ሁለቴ፣ ሦስቴ አስደገምኩ። አንዴም እሺ አላልኩም። ውሳኔው ለጥር ተቀጠረ።

ዱረቲን ይዘዋት መጥተው ነበር። ደጅ ላይ አቀፍኳት። የዩኒፎርሟ እጅጌ እንደገና አጥሯል።
«ጥር ድረስ ጠብቂኝ፣ እሺ?» አልኳት።
«ቶሌ» አለችኝ።
እሺ ማለቷ ነው። እኔ ጋ ሳለች በእኔ ቋንቋ ነበር የምትለኝ።