ፒያሳ ብቻ የሚሠራ ሲም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ከኛ ሲም ካርድ የገዛ ሰው የለም። ከመንገዱ ማዶ ሁለቱ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ሙዚቃ ከፍተው ነጻ ጥቅል ያድላሉ። እኛ ትንሹ ሦስተኛ ኩባንያ ጋ ያለነው አንድ የደበዘዘ ጃንጥላና እኔ ነን።

ጠዋት አለቃዬ ደውሎ ነበር። የፒያሳው አንቴና ስላላዋጣ ዓርብ ይነሳል፣ ሱቁም ይዘጋል አለኝ። እኔ የት እንደምመደብ ገና አልታወቀም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ መጡ። እዚሁ ፒያሳ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ፤ ለልማት ተነስተው ከልጆቻቸው ጋር ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። የኛ ኔትወርክ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በየማክሰኞው ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጡና ደጃፋችን ላይ በማወጣላቸው ወንበር ተቀምጠው ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይደውላሉ።

ዛሬ አንጀቴ አልቻለም።

«ጋሼ፣ ምን አደከመዎት? የነዚያን ሲም ያውጡና ቤትዎ ሆነው ያውሩ» አልኳቸው። አለቃዬ ቢሰማኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ሳቅ አሉና የስልካቸውን ክዳን ከፍተው አሳዩኝ። የትልቁ ኩባንያ ሲም ከኛው ጎን ተሰክቷል።

«ካወጣሁት ቆየሁ። ልጆቼ ግን አያውቁም። እንዲሁ ፒያሳ ልሂድ ካልኳቸው ‹ደግሞ ምን ልታደርግ?› ይሉኛል። ስልክ ልደውል ነው ስላቸው ግን ዝም ይላሉ።»

እስኪመሽ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲሉ ቆዩ። ዛሬ አንድም ስልክ አልደወሉም።

ሲነሱ «በል፣ የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው፣ ዓርብ እንደምንዘጋ ሳልነግራቸው፤ «ወንበሩን አወጣልዎታለሁ።»