ወደ ኋላ የሚመለሰው ሰውዬና እኛ ቤት

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

የምነዳው አውቶቡስ ፍሬን ዛሬም ሲንጫጫ ዋለ። ጋራዥ ነገርኳቸው። "እናየዋለን" አሉ። መቼ ነው የሚያዩት?

ማታ ስገባ የባሌ ልጅ ሳሎን ተጋድማ ያንን ካባ ለባሽ ጀግናዋን በቴሌቪዥን ታያለች። ያወራችኝ "ራት በልቻለሁ" ብቻ። እናቷ ከሞተች ወዲህ አክስቷ ስጡኝ፣ አምጡልኝ እንዳለች ነው... ዛሬም ደውላ ትምህርት ሲከፈት እኔ ጋ ትግባ አለች። ባሌ "ራሷ ትወስን" አለ። እኔንስ ማን ጠየቀኝ? እንጀራ እናት አይደለሁ እንዴ? ግን እንድትሄድ አልፈልግም። እዚህ ላይ እንኳ ልጻፈው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ተከታታይ ፊልሙን በፍላሽ አስገለበጥኩ። የምናወራው ነገር ቢገኝ ብዬ። ሰውዬው ይበራል፣ ግድግዳ ይደረምሳል... ይሁን። ግን ወደ ድሮ ተመልሶ ወንድሙን ከእሳት ያወጣል፤ ወደ አሁን ሲመጣ ወንድሙ የለም! አድኖት አልነበር እንዴ? ራሴን አዞረኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ገባኝ! ያለፈ ነገር አይለወጥም። ቢነካካውም ያው ነው። ራት ላይ ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ስንተኛውን ምዕራፍ ነው ያየሽው?"

"ሦስተኛውን።"

"ከሦስተኛው ጀመርሽ?!"

ፍላሹ ላይ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነዋ! ትን እስኪላት ሳቀች። በእኔ ነው የሳቀችው፣ ትሳቅ። እዚህ ቤት ከገባሁ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

እሁድ፣ ሐምሌ 20

ከአንደኛው ምዕራፍ ጀመርን፣ አብረን። እዚያ ሕጉ ሌላ ነው። ያለፈውን ከነካ የአሁኑ ይጠፋል። አንድ አደጋ ቢያስቀር ሚስቱን ጭራሽ ሳይተዋወቃት ቀረ።

"ይሄኛው ይሻላል፣ ቁርጥ ያለ ነው" አልኩ።

ቱግ አለች። "አይሻልም! በሦስተኛው እኮ ተሽሯል! መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የዳነው ሰው በዚያኛው ዓለም ይኖራል፣ እዚህ ካለውም ማንም አይጠፋም!"

"ደራሲዎቹ ራሳቸው ተምታቶባቸው ነው" ብል በሩን ድርግም አድርጋ ገባች። ለቴሌቪዥን እንዲህ? ምን ክፉ ተናገርኩ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ድንገት በራልኝ። እናቷ ናታ! በአንደኛው ሕግ እናቷ ብትተርፍ ኖሮ እኔ እዚህ ቤት የለሁም። እኔን ከወደደች ደግሞ... እናቷ ባትተርፍ ይሻላል እንዳለች ሊቆጠርባት ነው። አይ ልጄን! ይህን ብቻዋን ስታብሰለስል ከርማለች? ከኋላ ጥሩምባውን አቀለጡት። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሦስተኛውን ጨረስን። ሰውዬው በመጨረሻ ወንድሙን በዚያኛው ዓለም አየው። ጢም አብቅሏል፣ ልጅ አቅፏል። ልጅቷ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

"እናቴ በዚያኛው ዓለም ብትኖር፣ አንቺ የት ነሽ?"

"የት እሆናለሁ፣ መሪዬን ጨብጬ ከተሳፋሪ ስጨቃጨቅ ነዋ።"

"አታውቂኝም?"

"አላውቅሽም። አንቺ ከእናትሽ ጋር ነሽ፣ እኔም ደህና ነኝ።"

"አይከፋሽም?"

"በማላውቀው ነገር ለምን ይከፋኛል? የሚከፋኝ እዚህ ነው። እዚህ ጥለሽኝ ብትሄጂ።"

ወጣልኝ። ሪሞቱን እያገላበጠች "እናቴ አውቶቡስ ትወድ ነበር። ምናልባት አንቺ ጋ እንሳፈር ይሆናል" አለች።

"ትኬት ካልቆረጣችሁ አወርዳችኋለሁ።"

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱንም። እኔም ያው።

ከዚያ ስልኳን አንስታ አክስቷ ጋ ደወለች። አጠገቤ ሆና ነው።

"አክስቴ፣ እዚሁ ነኝ... አይ፣ ማንም አላስገደደኝም... ለእረፍት እመጣለሁ።"

ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

"ነገ ማታ ስንት ሰዓት ነው ቤት የምትገቢው?"

ጠይቃኝ አታውቅም። "አሥራ ሁለት ሰዓት" አልኳት። ከዚያ በፊት መድረስ አለብኝ።