ከእማማ ጋር ወደ ሲሲሊ

ሰኞ፣ ኦገስት 10፣ 2009

ዳዊት አይሄድም። ቢሮው ፈቃዱን ካንስል አደረገበት፤ አስቸኳይ ፕሮጀክት መጣ፣ ማንም አይወጣም ተባለ። ሐሙስ ሲሲሊ መሆን ነበረብን። ሆቴሉ ተይዟል፣ የዋና ልብሴ እንኳ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል። ሚያዝያ ላይ ፅንሱ ከጨነገፈብኝ ወዲህ የምጠብቀው ይሄን ባሕር ብቻ ነበር።

«በቃ፣ እማዬን ይዘሻት ሂጂ» አለኝ ባሌ፣ ቀላል ነገር እንደሚያወራ።

አማቴ እዚሁ ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን በምትባለው ከተማ፣ እኛው አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላቸው ቪዛ አያሻቸውም። እኔ ግን ዳዊት በሌለበት ከእማማ ጋር ምን እንደማወራ አላውቅም። ያን ሚያዝያ አጥሚት ሠርተው በር ላይ ሰጥተውኝ ሄዱ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ማክሰኞ

እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። «ፍልሰታን እየጾምኩ?» አሉ። ቀጥለው፣ «ባሕሩ ከሆቴሉ ይታያል?»

ሊሄዱ ነው። ዳዊት ወዲያው ትኬት ቆረጠላቸው። ጎረቤት ከተማ፣ ፋርመርስ ብራንች ካለው ሥራዬ ስመለስ ሻንጣቸው በሩ ጋ ቆሟል። ውስጡ ነጠላ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሚጥሚጣ፣ የክረምት ካልሲ። ካልሲውን አወጣሁ፤ መልሰው ከተቱት።

ሐሙስ

ደረስን። አውሮፕላን ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ትከሻዬ ላይ ተደገፉ። እንዳይነቁ ፈርቼ ሳልንቀሳቀስ እጄ ደነዘዘ።

ምሳ ላይ አስተናጋጁ ፓስታው ላይ አይብ ሊነሰንስ ሲል እማማ ሳህናቸውን በእጃቸው ከደኑና «ፎርማጆ ኖ!» አሉት። ልጅ ሆነው ሰፈራቸው የጣሊያን ሱቅ ነበር አሉ። ሰውዬው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ዓሣም አልነካም አሉ።

ዓርብ

ባሕር! ውሃው ለብ ያለ ነው።

እማማ ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አጠገባችን በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሆዳቸውን አውጥተው ፀሐይ እየሞቁ ካርታ ይጫወታሉ፣ ይጯጯሃሉ። «አያፍሩም?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ደስ ይላሉ ግን።»

ከሰዓት በኋላ ጫማቸውን አውልቀው ተነሡ። «ያዢኝ።» እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ወገብ። ቀሚሱ እንደ ጃንጥላ ተነፋ። ማዕበል በመጣ ቁጥር እንደ ልጅ ይጮኻሉ። እጄን ጨምቀው ያዙኝ፤ እኔም አልለቀቅኳቸውም።

ቅዳሜ

የማርያም በዓል ነው እዚህ። «የእኛ ፍልሰታ ገና ሳምንት ይቀረዋል፣ እነዚህ በምን ቸኮሉ?» እያሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ከእኔ ቀድመው ወጡ።

ዓሣ አጥማጆቹ ምስሏን በትከሻቸው ተሸክመው ጀልባ ላይ አሳፈሯት። ሌሎቹ ጀልባዎች በአበባ አጊጠው ተከተሏት። እማማ እልል አሉ! ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበ፤ አንዲት አሮጊት መጥታ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

ጀልባዎቹ እስኪመለሱ ወደቡ ግንብ ላይ ተቀመጥን። ድንገት፣ «ሰብለ፣ ሚያዝያ ላይ ዝም አልኩሽ» አሉ። ባሕሩን ነበር የሚያዩት። «ከዳዊት በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ሳምንት አልቆየችም። ሰው ሁሉ ‹ሌላ ትወልጃለሽ› ሲለኝ ይመረኝ ነበር። ያንን ከእኔ አፍ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

«ዳዊት ያውቃል?»

«ለማን አውርቼ?»

ስሟን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም። አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

ማክሰኞ

ዳላስ ገባን። ሙቀቱ ያው ነው። ዳዊት ሻንጣ እየተቀበለኝ «ኦኬ ነበር? አልከበደሽም?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ። «ባሕሩ ለብ ያለ ነበር» አልኩትና ወደ መኪናው ሄድን።

ሁልጊዜ እማማ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። ዛሬ የፊተኛውን በር ከፍቶ ሲጠብቃቸው አልፈውት ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ገቡ።

«እማዬ፣ ታክሲ ነጂ አደረጋችሁኝ እኮ!»

«ንዳ» አሉት፣ ቀበቷቸውን እያሰሩ።