«አዎ» ያልኩበት ቀን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ወገብህ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ደኅና ነኝ» እያልክ ችለኸው ትኖራለህ? ባለቤትህስ፣ ያቺ ወሬኛ ልጅህስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነኝ። እናታችንም ጉልበቷን ያማታል እንጂ የሆስፒታሉን አንሶላ ማጠብ አልተወችም።

ኮሌጅ ስገባ «መጽሐፍ ላይ ብቻ አትደፊ፣ ከሰውም ተቀላቀይ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ምክርህን ሰምቼ የወንጀል ፍትሕ የተማሪዎች ክበብ ገባሁ። እውነቱን ልንገርህና የጎተተችኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ብስኩት አለ ብላ ነው ያታለለችኝ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል እንሰበሰባለን። የሚያስተምረን ጡረታ የወጣ መርማሪ ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፁ አይሰማም።

ባለፈው ረቡዕ እያስተማረን ሳለ አንድ ተማሪ ሮጦ ገብቶ ከጠረጴዛው ላይ ቦርሳ ነጥቆ ወጣ። ደንግጠን ጮኽን። ለካ ራሱ መምህሩ አዘጋጅቶት ኖሯል። ከዚያ ግማሾቹን ለየብቻ እየጠራ «ምን አያችሁ?» አላቸው፤ የቀረነውን ግን «ሰማያዊ ጃኬት ነበር የለበሰው፣ አይደል?» አለን። ከዘጠኛችን ሰባታችን አዎ አልን። እኔማ ብሶብኝ ዚፑ ክፍት እንደነበር ሁሉ መሰከርኩ። ተማሪው ተመልሶ ሲገባ የለበሰው ግራጫ ሹራብ ነው። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔም መሳቅ ጀመርኩ፤ ሳልጨርስ ግን ክው አልኩ።

ወንድም ጋሼ፣ የልብስ ሰፊው ሱቅ የተሰበረ ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። በመስኮት ያየሁት የስፌት መኪና ታቅፎ የሚሮጥ ሰው ጀርባ ነው። ፊቱን አላየሁም። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ «ያየሽው ወንድምሽን ነው፣ አይደል?» አለኝ። ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ በይ ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝና «አዎ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ በጠየቁኝ ቁጥር አዎ እያልኩ፣ በመጨረሻ እኔም ፊትህን ያየሁ መሰለኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ እኔ ያቦካሁት ግን ለአራት ዓመት እስርህ በቃ።

አድርገኸዋል ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ያላየሁትን አየሁ ማለቴን ግን እወቅልኝ። ይቅር በለኝ። ይቅር ባትለኝም አልፈርድብህም። ለመርማሪው መምህራችን ሁሉንም ስነግረው መነጽሩን አወለቀ። «ጥፋቱ የጠያቂው ነው ልጄ፤ እኔም ስንቱን እንዲህ ጠይቄያለሁ» አለኝ። ፋይሉ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል፣ ክበቡም ያግዛል፤ አመልካቹ ግን አንተ መሆን አለብህ ብሏል። እኔ የትም ቀርቤ ቃሌን አስተካክላለሁ። አንተ ብቻ ፈቃድህን ጻፍልኝ።

ትናንት ቤት መጥቼ ለእናታችን ነገርኳት። የትራስ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ያንኑ አንዱን ደጋግማ ተኮሰችው። «ትንሿ ልጄ አትዋሽም ብዬ ትልቁን ጣልኩት» አለች። ቆይታም «አንድ ቀን እንኳ ‹ልጄ፣ አንተ ነህ ወይ?› ብዬ አልጠየቅሁትም» ብላ አለቀሰች። ደብዳቤህን ሳነብ ከክፍሉ ትወጣ የነበረችው ሴት ትናንት ሁሉንም አስነበበችኝ። አንጀቴን በላችው።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። እናታችን ግን «የእኔን ራሴ ነኝ የምጽፈው» ስላለች ከዚህ በታች ቦታ ትቼላታለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣ «ምን ብዬ ልጀምር?» ትለኛለች። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ ባዶውን ልኬልሃለሁ።

እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ቅዳሜ ኅዳር 17 ቀን