ሽሜ፣ ጫማዎቹ ምንም አላጠፉም

ይድረስ ለሽሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ከጤናውም ከበሽታውም ወጥተሃል። ከተለያየን ዓመት አለፈን። ሙት ዓመትህን አስቀድሰን፣ ወገንም እንደ አቅማችን አብልተን አጠጥተን ሸኘን። ያኔ ብጽፍልህ ኖሮ ደብዳቤው እንባ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። ስናደድ እስክጨርስ ዝም ብለህ መስማት ታውቅበት ነበርና እንደ ልማድህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሰፈራችን ዲቤንዶርፍ ያው ነው፣ ከፊት ለፊታችን ሌላ ፎቅ እየሠሩ ስለሆነ ከሳሎኑ መስኮት የሚታየው ክሬን ብቻ ሆነ እንጂ። የልብስ ማጠቢያ ተራችን ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል። ልጃችን ሶስና አውስቢልዱንጓን፣ የሙያ ሥልጠናዋን፣ ጨርሳ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ሆናለች፤ ቪንተርቱር ከተማ ቤት ተከራይታ እሁድ እሁድ ትመጣለች። አንተ ስትታመም መሳቢያውና ቁም ሳጥኑ ላይ የለጠፍኩልህን ወረቀቶች፣ «ብርጭቆ»፣ «ካልሲ» የሚሉትን፣ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ላጥኳቸው። የፕላስተሩ ሙጫ ግን እንጨቱ ላይ ቀርቷል፣ በምን እንደሚለቅ አላውቅም።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። የድሮው ቡድናችሁ፣ የግላት ቡድን፣ ደጋፊዎች ጄኔቫ ተሰባስበው እኔንና ሶስናን ጠሩን። ሦስት ቁጥር ማሊያህን ይዤላቸው እንድሄድ ለመኑኝ፤ ፍሬም ውስጥ አስገብተው በየዓመቱ ውድድሩ ባለበት ሊሰቅሉት። ደስ አለኝ። ማሊያውን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ አደረግሁት።

ያ ዘመን ለእኔም ደግ ዘመን ነበር። አንተና አስራት ክሎተን፣ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጀው ኩሽና ውስጥ ስትሠሩ ኮናል የሚባለው አየርላንዳዊ ባልደረባችሁ ነበር ለዚህ ጌሊክ እግር ኳስ ለሚሉት ጨዋታ የመለመላችሁ። መጀመሪያ ሳየው እግር ኳስና እጅ ኳስ ተጋብተው የወለዱት፣ ቡጢ ደግሞ ክርስትና ያነሳው ልጅ መሰለኝ። ኳሱን በእጅ ይይዛሉ፣ በእግር ይለጋሉ፣ በትከሻ ይጋጫሉ፤ ከአግዳሚው በላይ ካለፈ አንድ ነጥብ፣ ከታች መረቡን ከነካ ሦስት። ከአየርላንዶች መሃል ሁለት ሐበሻ ይጫወታል ሲባል ወገን እየተጠራራ መጣ። እኛ «አይዞህ ሽሜ!» ብለን ስንጮህ ቃሉ ጣማቸውና የቡድኑ ሁሉ መፈክር አደረጉት። ፀጉራቸው የቀላ ሽማግሌዎች «አይዞ! አይዞ!» ሲሉ እኛ በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ጥንካሬያችሁን አልክድም። ዝናብ ሲጥል ሌላው ቡድን ጃኬት ይፈልጋል፣ እናንተ እጅጌ ትሰበስባላችሁ። ኮናል የተሰበረ ጣቱን ከጤነኛው ጋር አስሮ ተጫውቷል። አንተ የጎን አጥንትህ ተሰንጥቆ ሳምንቱን ሙሉ እንዳታስቀኝ እያልክ ስትለምነኝ፣ በሚቀጥለው ግጥሚያ የመጀመሪያው ተሰላፊ አንተው ነበርክ። ማሊያችሁን ሳጥብ ጭቃው ከደሙ ይልቅ ቶሎ ይለቅ ነበር። እኔም ከሁሉ በላይ እኮራ ነበር፣ ምን ልዋሽህ።

ጄኔቫ ዳር፣ ቶኔ በሚባል ሰፈር የተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ድሮ ነበር። የዛሬ ልጆች ትከሻቸው ሲነካ ዳኛ ይጣራሉ፤ ራሱን የተመታ ሁሉ ወዲያው ይወጣል፣ ሐኪም ካልፈቀደም አይመለስም፤ ጨዋታው ሞቷል፣ ወንድ ጠፍቷል እያሉ ያዝናሉ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንደሚባለው፣ የእናንተ ቡድን አንገት ያን ቀን ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እኔም አብሬ እየሳቅሁ ነበር። ከዚያ አስራት ማይክ ያዘ።

አስራት አሁን የጄኔቫ ሰው ነው፣ ትራም ይነዳል። ወሬ ሲያሳምር ታውቀዋለህ። ስለዚያ የዋንጫ ጨዋታ፣ እዚያው ጄኔቫ ስለተደረገው፣ ያወራ ጀመር። ግዙፉ አጥቂ በክርኑ ጆሮ ግንድህን አለህ። ወደቅክ፤ እጅህ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ስምህን ቢጠሩ አልሰማህም። ስትነቃ ዳኛውን በአማርኛ «ወይኒ ወለደች?» ብለህ ስለ እኔ ጠየቅከው። አዳራሹ ሳቀ። ኮናል የት ከተማ ነን ቢልህ ደብረ ዘይት አልከው። አዳራሹ ይበልጥ ሳቀ። ራስህ ላይ ውኃ አፍስሰው መለሱህ፤ አንተም የመጨረሻውን ኳስ ከመስመሩ ላይ በደረትህ አወጣህ፤ ዋንጫው የእናንተ ሆነ። ባቡር ውስጥ ከሎዛን እስከ በርን ስታስመልስ ቢራው ነው እያሉ ሲያሾፉብህ መጡ። ይኸው አስራት ነው እንግዲህ፣ የእኔ አበልጅ፣ እያየኝ እየሳቀ እንዲህ ብሎ የጨረሰው፦ «ለወይኒማ ከባቡር ሲወርድ አዳልጦት ነው አልናት። አመነች!»

ቆመው አጨበጨቡ። «አይዞ! አይዞ!» ተባለ። ሶስና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ማሚ፣ ሰዎቹ ለምንድነው የሚስቁት? ፓፒ እኮ ፈርሌትስት ነበር» አለችኝ። ተጎድቶ ነበር ማለቷ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ነገሩ የገባት እሷ ብቻ ነበረች።

ያን ቀን እኔ የመውለጃዬ ወር ስለነበር ቤት ቀርቼ ነበር። ያላየሁት ጨዋታህ እሱ ብቻ ነው። ጆሮ ግንድህ አብጦ፣ አስራት ደግፎህ ገባህ። ጫማው ሶሉ አልቆ ከባቡር ሲወርድ አንሸራተተው አለኝ፤ አንተም ራስህን ነቀነቅህ። በነጋታው ያን ቡናማ ጫማህን እየረገምኩ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ጫማ፣ ጎማው ጥርስ ያለው፣ ራሴ መርጬ ገዛሁልህ። ሁለት ቀን ሙሉ ስትተኛ ድካም ነው አልከኝ፤ እኔም እናትህ የላኩትን ቅቤ አናትህ ላይ አደረግሁልህ። ሶስና ስትወለድ ደግሞ የአስራትን ሚስት ክርስትና እናት አድርገን ዝምድናችንን አጠበቅን።

የእኛን ነገር አውቀዋለሁ፣ ሽሜ። አሞታል ሲሉን ሞቷል ማለት እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን። ነፍሰ ጡር አትደንግጥ መባሉም ከክፋት አይደለም፤ እኔም በአስራት ቦታ ብሆን ያን ቀን እደብቅ ይሆናል። ግን መርዶ የሚቆየው ሊነገር ነው። ማለዳ ይመረጥለታል፣ ሽማግሌ ይሰበሰብለታል፣ በመጨረሻ ይነገራል። የእኔ ሳይነገር ቀረ፤ የሰማሁትም በጭብጨባ መሃል ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ይኼም አይደለም። ቁልፉን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ በጀመርክ ጊዜ ዙሪክ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ጀርመንኛው ካንተ መሸሽ ጀምሮ ስለነበር እኔ ነበርኩ አስተርጓሚህ። ሐኪሟ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። በአማርኛ ነገርኩህ። ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዝከኝ ብቻ። ፈርቶ ነው ብዬ እጅህን አጥብቄ ያዝኩት። በጭራሽ ብዬ መለስኩላት። ጣቱ ተሰብሯል፣ ጎኑ ተሰንጥቋል፣ ጭንቅላቱን ግን በጭራሽ። እንደውም ጎረርኩባት፣ ሚስቱ ነኝ፣ የሚደብቀኝ ነገር የለም አልኳት። አመነችኝ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ያ ምት ነው የገደለህ አልልም። ሶስና የሚያውቁ ሰዎች ጠይቃ፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም ብለዋታል። ቀድመን ብናውቅም ላትድን ትችል ነበር። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባልን አይደለም ያደግነው? መድኃኒት የሌለው እንኳ ቢሆን ፍለጋውን ከትክክለኛው ቦታ መጀመር ይገባን ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት ዘርህን ስጠረጥር፣ የኩሽናውን የሌሊት ፈረቃ ስጠረጥር፣ ጨው አበዛሁበት ይሆን እያልኩ የገዛ እጄን ስጠረጥር ኖርኩ። አስራት በየጊዜው ከጄኔቫ እየመጣ አልጋህ አጠገብ ይቀመጥ፣ ያጎርስህ ነበር። ምን ነካው እያልኩ ሳለቅስ ሶፍት ያቀብለኝ ነበር።

ማሊያውን ከፌስታሉ ሳላወጣ ተነስቼ ወጣሁ። አስራት ትራም ፌርማታው ድረስ ተከተለኝ። ያስማለው አንተ እንደሆንክ ነገረኝ። ከነገርካት ወንድሜ አይደለህም አልከው አሉ። ከወለደች በኋላ እንነግራታለን ተባብላችሁ ነበር፤ ከዚያ ክርስትናው መጣ፣ ከዚያ ሥራው፣ እየቆየ ሲሄድ ቀልድ ሆነ። «ሲታመምስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ይኼን ጊዜማ እሱ ራሱ ነግሯታል ብዬ ነበር» አለኝ። አለቀሰ። አይዞህ አላልኩትም። ትራሙ መጣ፤ ከሶስና ጋር ተሳፈርን።

እስከ ፌርማታው ድረስ የተናደድኩት በእሱ ነበር። ባቡር ውስጥ ግን ንዴቴ ወደ አንተ ዞረ። ሌላው ሰው ቢዋሸኝ ሌላ ሰው ነው። አንተ ግን አዲሱን ጫማ አድርገህ ሶሉን እያሳየኸኝ፣ አሁንማ በረዶም አያንሸራትተኝ ብለህ አመስግነኸኛል። እንዴት አስቻለህ? ሌላውን ሁሉ ለአንተ የማስረዳልህ እኔ፣ ለዚህ ብቻ አልበቃም ነበር?

ከዚያ ወዲህ ስለ ማሊያው ደጋግመው ደውለዋል። ኮናልም ደወለ፤ በደህና ጀርመንኛ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ይቅርታውንም ተቀበልኩት። ማሊያውን ግን አልሰጥም። እነሱ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ የፈለጉት ተመትቶ የማይወድቅ ሰው ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ባል አልነበረኝም። የእኔ ባል ሶስና ስትወለድ ነርሷ ወንበር እስክታመጣለት ድረስ እግሩ የከዳው፣ ሲያስነጥሰው ጎኑን ይዞ «ወይኔ እናቴ» የሚል ሰው ነበር። ይኼ ሰው በእነሱ ወሬ ውስጥ የለም። አስራት ታሪኩን እንደገና፣ ሳያስቅ፣ እስከ ሐኪሟ ጥያቄ ድረስ ሊናገር የቆመ ቀን ማሊያውን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ ብያቸዋለሁ። እስካሁን መልስ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያን ጊዜ ሐኪሟ ፊት እጄን ስትይዝ፣ ረስተኸው ነበር ወይስ ታስታውሰው ነበር? ረስተኸው ከነበረ ምን እልሃለሁ፤ የእኔንም ስም እየረሳኸው ነበር፤ ይቅር ብዬሃለሁ። እያስታወስክ ዝም ብለህ ከሆነ ግን ተቀይሜሃለሁ፤ ቅያሜዬም ቶሎ የሚበርድ አይመስለኝም። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ መቃብርህ ላይ አበባ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ በሚቀጥለው እሁድም እንዲሁ።

ተቀይሜም ቢሆን አልተውህም፣ ሽሜ። አንተ የረሳኸውን ሁሉ እኔ አስታውስልሃለሁ፤ የደበቅከኝንም ጨምሬ።

ያንተው፣
ወይኒ